የሣር ማጠጫው መቆጣጠሪያ ስክሪኑ ጨለመ

ጠያቂ፦ ሰላም፣ ከለገጣፎ ነኝ። ማጠጫው ትናንት ማታ በጀመረበት ድርግም አለ። መብራት አልሄደም፤ ሶኬቱ ላይ ስልክ ቻርጅ አድርጌበታለሁ። ምን ልይ?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ የኤሌክትሪክ መለኪያውን (መልቲሜትሩን) ኤሲ ቮልት ላይ አድርገህ ከትራንስፎርመሩ፣ መብራቱን ወደ 24 ቮልት ከሚያወርደው፣ የሚወጡትን ሁለት ሽቦዎች ለካ። 24 ቮልት አካባቢ ከሌለ እሱ ነው የሞተው። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ደግሞ ጽሑፉን እይ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ የኛ 220 ጠብሶታል።

ጠያቂ፦ 26 ያሳያል። ውስጥ ያለችው ፊውዝ ግን ጠቁራለች።

መልስ 2፦ እሰይ፣ ትራንስፎርመሩ ተርፏል! ፊውዝ ብቻ ቀይረህ እንዳትተወው፤ ያችም ትቃጠላለች። ከሶኬት ንቀል። ውሃውን የሚከፍተውን የየቫልቩን ሽቦ ፈትተህ ከኮመኑ (ለሁሉም ቫልቮች የጋራ ከሆነው ሽቦ) ጋር በኦም ለካ። ደህናው ከ20 እስከ 60 ነው። ወደ ዜሮ የተጠጋው ሾርት አድርጓል።

መልስ 1፦ በፊውዙ ቦታ የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት እንዳታደርግ ደግሞ፣ የሰፈራችን ኤሌክትሪሻኖች ይወዷታል!

ጠያቂ፦ በሩ ጋ ያለው 2 ኦም! አጥር የቆፈሩት ልጆች ሽቦውን በዶማ ልጠውታል።