አረ ድረሱልኝ! ካርበን ዶቴ አሴቶን ውስጥ ሲገባ መብራቱ ጠፋ

ሰከላዋ፦
ሰላም ቤቶች እንዴት ዋላችሁ፣ ቶሎ ለሚመልስልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ከሎሚ ጭማቂና ከዩሪያ ካርበን ዶት (ዩቪ ሲመታው የሚያበራ በጣም ደቃቅ የካርበን ቅንጣት) ሰራሁ፣ 180 ዲግሪ ላይ 8 ሰዓት። ውሃ ውስጥ ቆንጆ ሰማያዊ ያበራል፣ ኢታኖል ውስጥ አረንጓዴ ሆነ፣ አሴቶን ውስጥ ግን የብርሃን መለኪያ ማሽኑ ላይ ምንም የለም ፒኩ (የብርሃኑ ጉብታ) ሞቷል። ሐሙስ ለአድቫይዘሬ ሪዘልት ማሳየት አለብኝ፣ ማሽኑን ደግሞ ባሕር ዳር ድረስ መጥቼ ተራ ጠብቄ ነው ያገኘሁት፣ የቀረኝ ነገ ብቻ ነው። ተበላሽቶብኝ ነው? እንደገና ልስራው?

የቡሬው፦
ዶቱ እርስ በርሱ ተጣብቆ ነው። 15 ደቂቃ ሶኒኬት አርጊው፣ በድምፅ ሞገድ አንቀጥቅጠሽ በትኚው።

ማርቆስ ሰፈር፦
እህትዓለም የኛን አገር አረቄ ውስጥ ሞክሪውማ፣ እሱ ውስጥ የማያበራ የለም ሃሃሃ

ጋሼ ዳሞት፦
ልጆች ነገሩን ከስሩ እንየው። ካርበን ዶት ብርሃን ሲውጥ ኤሌክትሮኑ ወደ ላይ ይወጣል፣ የቻርጁም አቀማመጥ ይለወጣል። በዙሪያው ያሉት የሶልቨንት (የማሟሟያው ፈሳሽ) ሞለኪውሎች ፖላር ከሆኑ፣ ማለት አንዱ ጫፋቸው ፖዘቲቭ ሌላው ኔጌቲቭ ከሆነ፣ ለዚህ ለተለወጠው ቻርጅ ዞረው ይሰለፋሉ፣ ያን ጊዜ ጉልበቱ ዝቅ ይላል፣ የሚወጣው ብርሃንም ወደ ቀይ ጠጋ ይላል። ሶልቫቶክሮሚዝም የሚሉት ይሄን ነው። እንደ ውሃና ኢታኖል ሃይድሮጅን ቦንድ የሚሰሩት ደግሞ ዶቱ ላይ ካሉት የኦክስጅንና የናይትሮጅን ግሩፖች ጋር ይያያዛሉ፣ አንዳንዴ ቀለሙን ይለውጡታል አንዳንዴ ያደበዝዙታል። ካርበን ዶት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2004 ናኖቲዩብ (ደቃቅ የካርበን ቱቦ) ሲያጣሩ ነው ሳይታሰብ የተገኘው። የናኖቲዩብ ብርሃንም እ.ኤ.አ. በ2002 የታየው ውሃ ውስጥ አንድ አንዱን በሳሙና መሰል ነገር ከልለው ሲለያዩት ነው፣ ተቃቅፎ ሲተኛ አያበራም። በምን ውስጥ እንዳለ ሳታውቂ ስለ ብርሃኑ መናገር አይቻልም ልጄ።

የጮቄ ነፋስ፦
ጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ በዚህ ከሄድን ወደ ቀይ መጠጋት የነበረበት ውሃው ነው፣ ዳይኤሌክትሪኩ (የፖላርነቱ መለኪያ) 80 ገደማ ነው የኢታኖል 25 አይሞላም። የሷ ተገልብጧል። ሰከላዋ ስንት ስንት ነው የጨመርሽው? በስንት ናኖሜትር ብርሃን ነው ኤክሳይት ያረግሽው (የመታሽው)? ኩቬቱስ (የመለኪያው ብልቃጥ) ከምንድነው?

ሰከላዋ፦
ውሃው ላይ ለ3 ሚሊ አንድ ጠብታ። ኢታኖሉና አሴቶኑ ላይ የደረቀውን በማንኪያ ጫፍ ቡናማ እስኪሆን። ኤክሳይቴሽን 320፣ አንድ ፔፐር ላይ አይቼ ነው። ኩቬት ፕላስቲክ ነው፣ ችግር አለው እንዴ? ግን አሴቶኑም በእጅ ዩቪ መብራት ሳየው ትንሽ የሚያበራ መስሎኛል

የቡሬው፦
ሶኒኬት አላረግሽም አይደል? አርጊው እያልኩሽ

እትዬ ዳንግላ፦
እኔ ጥያቄው ራሱ አልተዋጠልኝም፣ ካርበን ዶት መሆኑን በምን አወቅሽ? የሎሚው ሲትሪክ አሲድ ከዩሪያ ጋር ሲበስል ሲትራዚኒክ አሲድ የሚባል ትንሽ ሞለኪውል ሊወጣ ይችላል፣ እሱ ብቻውን ሰማያዊ ያበራል። ዲያሊሲስ አርገሻል፣ ትንንሹን ሞለኪውል ብቻ በሚያሳልፍ ከረጢት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈሽ አጥርተሻል? ከከረጢቱ ውጪ ያለው ውሃ ካበራ ብርሃኑ የዶቱ ብቻ አይደለም። ኢታኖሉም ከድብልቁ አንዱን አሟሙቶ ሌላውን ትቶት ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ሁለት የተለያየ ነገር ነው እያወዳደርሽ ያለሽው።

ሰከላዋ፦
በፊልተር ወረቀት ብቻ ነው ያጣራሁት። እትዬ አሁን ዲያሊሲስ የምሰራበት ቀን የለኝም እኮ

የጮቄ ነፋስ፦
እትዬ እውነት ነው ያሉት፣ ቲሲሱ ላይ ሳይሰራ ማለፍ የለበትም፣ ለነገ ግን ይሄን አርጊ። አሴቶን ከ330 ናኖሜትር በታች ያለውን ብርሃን ራሱ ይውጠዋል፣ በ320 ስትመቺው ብርሃኑ ዶቱ ጋ ሳይደርስ ያልቃል። የእጅ መብራቶቹ ብዙዎቹ 365 ናቸው፣ በሱ ትንሽ የታየሽም ለዛ ነው። ስለዚህ ለሶስቱም 365 አርጊው። አሴቶን ፕላስቲክ ኩቬት ውስጥ እንዳትጨምሪ፣ ፖሊስታይሪን ከሆነ ይበላዋል ይደፈርሳል፣ ኳርትዝ ለምነሽ ተዋሺ። አረንጓዴው ደግሞ እኔ እንደሚመስለኝ ከኢታኖሉ ይልቅ የብዛቱ ጣጣ ነው፣ ቡናማ እስኪሆን ካበዛሽው ሰማያዊውን ራሱ መልሶ ይውጠውና የሚተርፈው ወደ አረንጓዴ የሚጠጋው ነው። ሁሉንም 365 ላይ አብዞርባንሳቸው (ብርሃን የሚውጡበት መጠን) ከ0.1 እስኪያንስ አቅጥኚያቸውና አወዳድሪ። ባዶ ሶልቨንቱንም ለኪ፣ ውሃ በ365 ሲመታ 417 አካባቢ የራሱ የራማን ፒክ (ውሃው ብርሃኑን ሲበትን የሚመጣ ጉብታ) አለው፣ አቅጥነሽ ስትለኪ እሱን የዶት ፒክ ብለሽ እንዳትጽፊ። አሴቶኑ ውስጥ ከታች ከዘቀጠ ደግሞ አልሟሟም ማለት ነው፣ ስለሱ ብርሃን ምንም አትበዪ።

ማርቆስ ሰፈር፦
አሁን ከምር፣ አሴቶኑ ከየት ነው? የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከሆነ ሽቶና ቀለም አለበት፣ እሱን ለክተሽ እንዳትጨነቂ

ጋሼ ዳሞት፦
ልክ ነህ ልጄ፣ ብዛቱን ሳልጠይቅ ነው የተናገርኩት። ሰከላዋ ያለሽን እንዳትደፊው፣ ጨለማ ቦታ አስቀምጪው።

ሰከላዋ፦
አሴቶኑ የላብ ነው። ኳርትዝ ያለው ልጅ አገኘሁ፣ ጠዋት 2 ሰዓት እገባለሁ፣ እንደጨረስኩ እጽፍላችኋለሁ። ዕድሜ ይስጣችሁ

ከእንጅባራ (ከ3 ሳምንት በኋላ)፦
ሰላም፣ እኔም ቶሉይን (ከውሃ ጋር የማይቀላቀል ሶልቨንት) ላይ ምንም አልታይ ብሎኝ እዚህ ደረስኩ። ሰከላዋ 365 ላይ ታየሽ ወይ?

የቡሬው፦
ሶኒኬት አርገኸዋል?

የጮቄ ነፋስ፦
ከሎሚ የተሰራ ከሆነ ውሃ ወዳድ ነው፣ ቶሉይን ውስጥ አይበተንም። መጀመሪያ የኩቬቱን ስር እየው።