ጾመኛ እናቴ አጥንቷ ሳስቷል ተባለ፤ ምን ላብላት?

ጠያቂዋ፦ ወገኖች እባካችሁ እርዱኝ። እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ባለፈው ወር ደጃፍ ላይ አዳልጧት ወድቃ የእጅ አንጓዋ ተሰበረ። ሐኪሙ የአጥንት መሳሳት አለባት፣ መድኃኒቷን እየወሰደች ፕሮቲንና ካልሲየም ጨምሩላት አለ። እሷ ግን አንድም ጾም አታስቀርም። ምሳዋ ግማሽ እንጀራ በሽሮ ነው፣ እሱንም ዳር ዳሩን ቆረስ ቆረስ አድርጋ "ጠገብኩ" ብላ ሳህኑን ትገፋዋለች። ወንድሜ ደግሞ ሥጋና እንቁላል ካልሲየም ከአጥንት ያወጣል የሚል ነገር አንብቦ በፍስኩም አትስጫት ይለኛል። የቱን ልስማ?

ነርሷ፦ እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። ወንድምሽ ያነበበው የድሮ ስጋት ነው። ሥጋ ሲበላ በሽንት የሚወጣው ካልሲየም ይጨምራል፣ እውነት ነው፤ ግን አንጀትም ከምግብ የሚወስደው ይጨምራል፣ ስለዚህ አጥንቱን አይጎዳም። ደግሞ አጥንት ራሱ ከመጠኑ ግማሽ ያህሉ ፕሮቲን ነው። በእሳቸው ዕድሜ ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ከ1 እስከ 1.2 ግራም ይመከራል፤ 55 ኪሎ ከሆኑ ከ55 እስከ 66 ግራም መሆኑ ነው። ኩላሊታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ግን መጀመሪያ ሐኪማቸውን ጠይቂ።

የጓዳዋ፦ ችግሩ ቀጭን ሽሮ ላይ ነው። ለአንድ ሰው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ከገባ ፕሮቲኑ 4 ግራም ቢሆን ነው። እኔ ለእናቴ ሽሮውን ወፈር አድርጌ፣ ምስር ወጥ ከጎኑ፣ ከሰዓት ደግሞ የሽምብራ ንፍሮ እሰጣታለሁ፤ ጾሟንም አላስፈታኋትም። ከቆስጣ ጎመን ይሻላል፣ የቆስጣው ካልሲየም በደንብ ወደ ሰውነት አይገባም።

ለንደን ያለሁት፦ እዚህ እንግሊዝ ኤፒክ ኦክስፎርድ የሚባለው ጥናት በ2020 እንዳወጣው የእንስሳት ተዋጽኦ ጭራሽ የማይበሉ ሰዎች ሥጋ ከሚበሉት ይልቅ የዳሌ ስብራት በ2.3 እጥፍ በዝቶባቸዋል። ካልሲየማቸውም ፕሮቲናቸውም ክብደታቸውም ያነሰ ነበር። የእናትሽ ጾም ግን ፍስክ አለው፣ ያንን ጊዜ አታባክኚው። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ፕሮቲንና 300 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም አለው።

ጠያቂዋ፦ ወተት ሆዷን ይነፋታል እኮ!

ነርሷ፦ እርጎ ሞክሪላቸው፣ ለብዙ ሰው ይስማማል። በትንሽ ስኒ ጀምሪ።