ያረጀ የፊውዥን ማሽን ማደስ፦ ብልኅነት ወይስ ብክነት?

የቴክኖሎጂ ተማሪ፣ ኮምቦልቻ
እንደምን አመሻችሁ። ትናንት ስለ ፊውዥን፣ ማለትም ቀላል አተሞችን አዋሕዶ ኃይል ስለ ማውጣት፣ የተነሣው ወሬ በቀልድ ስለ ተቋረጠ በቁም ነገር ልመልሰው። ሀብታሞቹ አገሮች ለአንድ አምፖል እንኳ መብራት ያልሰጡ የሙከራ ማሽኖችን ለመጠገንና ለማሻሻል ይህን ሁሉ ገንዘብ ያፈሳሉ፤ ይገባል ትላላችሁ? የእኛስ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለዘርፉ የሚሆኑ ልጆችን ማሠልጠን ይጀምር ማለት እብደት ነው?

የሒሳብ ባለሙያ፣ ደሴ ፒያሳ
እብደት ነው። እንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ አቅራቢያ ያለው ጄት የተባለ ማሽን እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ አርባ ዓመት ሠርቶ በ2023 ያስመዘገበው ክብረ ወሰን 69 ሜጋ ጁል ነው። በቆጣሪ ሲሰላ 19 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ አምስት ሰዓት ያህል ቢጋገርበት አለቀ! ያውም ለማሞቅ የገባው ኃይል ከወጣው ይበልጣል። ፈረንሳይ አገር ውስጥ የሚገነባው ኢተር የተባለ የፊውዥን ማሽን ደግሞ ሥራ ሳይጀምር ጥገና ገባ። የማቀዝቀዣ ቧንቧዎቹ ተሰንጥቀው ተገኙ፣ በ2025 ይጀምራል የተባለው ወደ 2034 ተገፋ፣ ሌላ 5 ቢሊዮን ዩሮ ተጠየቀበት። በእኔ መዝገብ ይህ ኪሳራ ይባላል።

ነጋዴ፣ ሰኞ ገበያ
ከሩሲያ ጋር የተፈራረምንበት የኒውክሌር ጣቢያ ይኸው አይደለም እንዴ?

የፊዚክስ መምህርት፣ ደሴ
አይደለም ወንድሜ። ያኛው ከባድ አተም እየሰነጠቀ የሚሠራ ነው፣ በዓለም ላይ በመቶዎች የሚቆጠር አለ። ይኼኛው ቀላል አተሞችን የሚያዋሕድ ነው፤ እስከ ዛሬ ለመብራት መስመር ኃይል የሸጠ አንድም የለም። ወደ ክርክሩ እንመለስ።

የጥገና ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ
አብሽሪ ልጄ፣ ጥያቄሽ እብደት የለበትም። የፒያሳው ወንድሜ እንጀራ ቆጠረ፤ ማሽኑ ግን የተሠራው ለመማሪያ እንጂ ለመጋገሪያ አይደለም።

ዕድሜዬን በጨርቅ ፋብሪካ ጥገና ክፍል የጨረስሁ ሰው ነኝና የግድግዳውን ነገር ልንገራችሁ። የጄት ውስጠኛ ግድግዳ መጀመሪያ በካርቦን ንጣፍ የተለበጠ ነበር። ካርቦን ሙቀት ይችላል፤ ክፋቱ ትሪቲየም የተባለውን ነዳጅ እየመጠጠ ያስቀራል። ትሪቲየም ደግሞ ብርቅ ነው፣ ጨረርም አለው። ስለዚህ ከ2009 እስከ 2011 ማሽኑን አቁመው ግድግዳውን ቤሪሊየም በተባለ ብረት፣ ከበድ ያለው ትኩሳት የሚያርፍበትን የታችኛውን ክፍል ተንግስተን በተባለ ሌላ ብረት ቀየሩት። ውስጡ በጨረር ስለ ተነካ ሰው እንደ ልቡ አይገባበትም። ባለ ሁለት ክንድ ሮቦት በጠባብ በር አስገብተው፣ ሠራተኛው ከመቆጣጠሪያ ክፍል ሆኖ፣ መፍቻው ብሎኑን ሲነክስ በገዛ እጁ እየተሰማው በሺዎች የሚቆጠር ዕቃ ፈታ፣ ገጠመ። ይህን ያነበብሁ ዕለት እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ከዚያስ? ማሽኑ ባሰበት! የተንግስተኑ ብናኝ ወደ ፕላዝማው፣ እጅግ ወደ ጋለው የነዳጅ ጋዝ፣ እየገባ ያቀዘቅዘው ጀመር። አዲስ ዕቃ ገጥሞ ምርት የወረደበት ሁሉ ያንን ሰሞን ያውቀዋል፤ አለቃ በር ላይ ቆሞ «ማን ንኩት አላችሁ» ይላል። እነርሱ ግን ዓመታት ፈጅተው አሠራሩን ከግድግዳው ጋር አስማሙት። በ1997 በካርቦኑ ዘመን ትልቁ ውጤት 22 ሜጋ ጁል ገደማ ነበር፤ በ2021 59፣ በ2023 69 ሆነ። ሂሳብ ዐዋቂው ወንድሜ ይህንንም በመዝገቡ ያስፍርልኝ።

የሒሳብ ባለሙያ፣ ደሴ ፒያሳ
ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው የምናገረው። ያን ያህል ጥሩ ከሆነ ክብረ ወሰኑን በሰበረ በሁለት ወሩ ለምን ዘጉት? አሁን ማፍረሱ ብቻ እስከ 2040 ገደማ ይዘልቃል፤ ይኼም ወጪ ነው። አሜሪካኖቹ ደግሞ ፕሪንስተን ያለውን ማሽን በ94 ሚሊዮን ዶላር አሻሽለው በ2015 ጨረሱ፣ በዓመቱ አንድ ጥቅል ሽቦ ተቃጥሎ ለዓመታት ቆመ። አንድ ጥቅል ሽቦ!

የጥገና ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ
ሞተር ሲቃጠልም የሚጀምረው ከአንድ ጥቅል ሽቦ ነው። ታዲያ ፋብሪካው ይዘጋ?

የፊዚክስ መምህርት፣ ደሴ
ጄት የተዘጋው ስላልሠራ አይደለም። ፕላዝማውን በማግኔት የሚይዙት የሽቦ ጥቅሎቹ የመዳብ ነበሩ፤ መዳብ ስለሚግል ከሰከንዶች ብዙም አያልፍም፣ ስለዚህ ማሽኑ የሚያስተምረውን አስተምሮ ጨርሷል። በተቃራኒው ፈረንሳዮች ከ1988 ጀምሮ የነበራቸውን ማሽን አላፈረሱትም። የኤሌክትሪክ ተቃውሞ የሌላቸው ጥቅሎቹን ይዘው ውስጡን በተንግስተን አደሱት፣ ዌስት አሉት፤ በ2025 ፕላዝማውን 1,337 ሰከንድ ያዘ። ከ22 ደቂቃ በላይ ማለት ነው። ማደስ ሁልጊዜ ያዋጣል አልልም፤ አካሉ ደኅና የሆነ ማሽን ሲሆን ግን አዲስ ከመገንባት ይሻላል።

በኢንስቲትዩቱ ጉዳይ ግን ከሁለታችሁም እለያለሁ። ሬአክተር እንግዛ ያለ የለም። እነዚህ ማሽኖች የሚቆሙት በተራቀቀው ፊዚክስ ሳይሆን በብየዳ፣ በቧንቧ፣ በሽቦ መከለያና አየር በማያስገባ መገጣጠሚያ ነው። እኔ የምለው ይህ ይሠልጠን። ኤክስሬይ በተበላሸ ቁጥር ባለሙያ ከአዲስ አበባ የሚጠብቅ ሆስፒታል የሚያስፈልገውም ይኸው እጅ ነው።

የሒሳብ ባለሙያ፣ ደሴ ፒያሳ
በምን ገንዘብ? ኢንስቲትዩቱ ያለበት፣ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የተዘረፈው የወሎ ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ የጠፋበትን ዕቃ ይተካ።

የቴክኖሎጂ ተማሪ፣ ኮምቦልቻ
መምህርት፣ ለመሆኑ አየር ማስገባቱ በምን ይታወቃል?

የፊዚክስ መምህርት፣ ደሴ
ውስጡን አየር አልባ ያደርጉና በብየዳው ላይ ከውጭ ሄሊየም ይነፉበታል። ሄሊየም በጣም ትንሽ አተም ስለሆነ በማይታይ ስንጥቅ ሾልኮ ይገባል፤ ከውስጡ ጋር የተገናኘው መሣሪያ ይይዘዋል።

የጥገና ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ
እኛ የአየር መስመር የምንፈትሸው በሳሙና አረፋ ነበር። ሄሊየሙ እስኪገኝ ልጆቹ በእርሱ ይጀምሩ፤ እኔ አሳያቸዋለሁ።

የሒሳብ ባለሙያ፣ ደሴ ፒያሳ
የሳሙናውን እኔ እከፍላለሁ። ከዚያ በላይ አንድ ብር አልደግፍም።