«አነቁን»፦ ቀሰቀሱን ወይስ ጉሮሯችንን ያዙን?

ጥያቄ፦
እናቴ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ፋብሪካ ፈትል ክፍል በፈረቃ ስትሠራ ኖራ ጡረታ የወጣች ናት። የሥራ ዘመኗን ታሪክ ስትነግረኝ በደብተር እጽፋለሁ። አንዱ ዓረፍተ ነገር «ማይም ነበርን፤ በኋላ አነቁን» ይላል። እኅቴ ደብተሩን አንብባ «ማን ነው ያነቃቸው?» ብላ ደነገጠች። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም ንባብ ያስኬዳል። ደግሞስ «ማይም» የሚለው ቃል ከየት መጣ?

መልስ፦
እኅቴ፣ እናትሽን ሰላም በይልኝ። ጥያቄሽ ትንሽ ይመስላል እንጂ ትልቅ ነው።

ግሡ «ነቃ» ከሆነ «ነ» ይላላል፣ «ቁ» ይጠብቃል፤ ቀሰቀሱን፣ ዐይናችንን ገለጡልን ማለት ነው። «አነቀ» ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው «ነ» ይጠብቃል፣ «ቁ» ይላላል፤ ጉሮሯችንን ያዙን ማለት ይሆናል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማይጽፍ በወረቀት ላይ አይለዩም። ስለዚህ መልሱ ያለው በእናትሽ አፍ ነው፤ ጠይቂያትና ጆሮሽን ጣይ።

እናትሽ «ነቃ»ን ይዛ ከሆነ ቃሉ የዘመኑ ቃል ነው። በባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ ሲቋቋም፣ ከየገጠሩ የመጣው ሰው ሰዓት ቆጥሮ መግባትንና በፈረቃ ማደርን ለመደ። ከአብዮቱ በኋላ ያ ሠራተኛ «ወዝ አደር» ተባለ፣ «ማንቃት፣ ማደራጀት፣ ማስታጠቅ» የሚሉት ሦስት ቃላትም ስለ እሱ ይነገሩ ጀመር። ሰዋስዋቸውን እዩት፦ አነቃ፣ አደራጀ፣ አስታጠቀ። በሦስቱም ወዝ አደሩ የሚነቃቃ፣ የሚደራጅ፣ የሚታጠቅ ነው፤ አድራጊው ሁልጊዜ ሌላ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ የነበረው የውይይት ክበብ ስሙ «ውይይት» ቢሆንም፣ ብዙ ጊዜ አንዱ አንባቢ ሌላው አድማጭ ነበር። «ተወያየ» ግን ሁለት ተናጋሪ የሚፈልግ ግሥ ነው።

ይህን ስል ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማሳነሴ አይደለም። ዘመቻው ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች አስተምሯል፣ ከዩኔስኮም ሽልማት አግኝቷል። ደመወዝ መቀበያው ላይ ጣቱን ሲያስነካ የኖረ ሰው ስሙን በእጁ ሲጽፍ የሚሰማውን ደስታ ያየ ሰው ያንን ሥራ አያቃልልም።

ማን ማንን ያነቃል የሚለው ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አልበርት ማንስብሪጅ እ.ኤ.አ. በ1903 የሠራተኞች ትምህርት ማኅበርን ሲመሠርት ሐሳቡ ሠራተኛውን ከዩኒቨርሲቲ ጋር ማገናኘት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1909 ደግሞ በኦክስፎርድ የራስኪን ኮሌጅ ሠራተኛ ተማሪዎች አድማ መቱ፤ ከዚያም የራሳቸውን ኮሌጅ አቋቋሙ። ዩኒቨርሲቲው የሚያስተምረን የአሠሪውን ኢኮኖሚክስ ነው፣ እኛ የምንፈልገው የራሳችንን ነው የሚል ክርክር ነበራቸው። በአማርኛ በአንድ ፊደል ይለያል፦ «ለሠራተኛ» የሚሰጥ ትምህርትና «የሠራተኛ» ትምህርት።

ለእኔ ከሁሉ የሚቀርበኝ ግን የብራዚሉ የጎልማሶች መምህር ፓውሎ ፍሬሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 አንጂኮስ በተባለች ከተማ 300 ያህል ሰዎች በ40 ሰዓት ትምህርት ማንበብና መጻፍ እንዲጀምሩ ተሠራ። ትምህርቱ የሚነሣው ሰዎቹ በየቀኑ ከሚይዙት ቃል ነው። ለምሳሌ «ጡብ»፦ ማን ይሠራዋል? የሚሠራውስ ጡብ ቤት አለው? ቃሉ በክፍለ ቃል ተሰብሮ የሚጻፈው ከጭውውቱ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ በብራዚል ማንበብ የማይችል ሰው ድምፅ መስጠት አይችልም ነበር፣ ይህ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፤ ስለዚህ ፊደል መቁጠር ራሱ ፖለቲካ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 መፈንቅለ መንግሥት ሲደረግ ፍሬሬ ታሰረ፣ ከዚያም ተሰደደ። የእሱን ሐሳብ ብዙዎች «ንቃተ ኅሊና» ብለው ይተረጉሙታል። እኔ ብሆን «መማማር» እለው ነበር፤ አማርኛ «ማስተማር»ን እና «መማር»ን በአንድ ግሥ አጣምሮ ያስቀመጠበት ውብ ቃል ነው።

ስለ «ማይም» ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ አባል አለ፣ ለእሱ እተወዋለሁ።

ከሌላ አባል፦
«ማይም» የ«መሃይም» አጭር መልክ ነው። ሥሩ የግእዙ «መሃይምን» ነው፣ ፍቺውም አማኝ፤ ከ«ሃይማኖት» ጋር አንድ ቤት ነው። ካህን ያልሆነው ምእመን ቆይቶ «ያልተማረ» የሚለውን ትርጉም ያዘ፣ በመጨረሻም ስድብ ሆነ። «ጨዋ»ን አስተያዩት። በቤተ ክህነት ሰው አነጋገር እሱም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሌለው ማለት ነው። በጣና ገዳማትና በጎጃም የቅኔ ቤቶች ያደገ ሽማግሌ ዛሬም «እኔ ጨዋ ነኝ» ቢል ስለ ምግባሩ መናገሩ ላይሆን ይችላል። ከአንድ ደጅ የወጡት ሁለት ቃላት አንዱ ወደ ክብር፣ አንዱ ወደ ውርደት ሄዱ። እኔ በጽሑፍ «ፊደል ያልቆጠረ» እላለሁ፤ ገና መቁጠር ይችላልና።

ጠያቂዋ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ እናቴን ጠየቅኋት። «ፊደል ያስተማረችን ዘማች ልጅ እኮ ናት፤ አንድ ፍሬ ልጅ» አለችና ቃሉን ደገመችው፤ «ቁ»ን አጥብቃ። የውይይት ክበቡንስ ስላት «እሱንማ ተዪው» አለችኝ።