አዲስ ቤት ለገባ ሰው ዲሽ ይሻላል ወይስ የኢንተርኔት ቴሌቪዥን?

ጠያቂው፦
ባለፈው ሳምንት ወደ አዲስ ቤት ገብተናል። ዕቃው ገና ከካርቶን ሳይወጣ ቤተሰቡ በቴሌቪዥን ጉዳይ ለሁለት ተከፍሏል። ልጆቼ የዲሽ ዘመን ስላለፈ ኢንተርኔት ብቻ ይግባልን ይላሉ፤ እናቴ ደግሞ ሪሞቱን አንድ ጊዜ ተጭና ዜናዋን ካላየች ቤቱ ቴሌቪዥን አለው ብላ አትቆጥረውም። በዚህ መሐል ከሁለት ድርጅቶች የመጡ የሽያጭ ሠራተኞች የሁለት ዓመት ውል እንድፈርም እየወተወቱኝ ነው። ጥያቄው የእኔ ብቻ አይመስለኝምና ለሁላችሁም ላቅርበው፦ ዛሬ አዲስ ቤት የሚገባ ሰው ዲሽ መትከሉ ተገቢ ነው ወይስ ድካምና ገንዘብ ማባከን?

አንደኛ ተከራካሪ፦
ዲሽ ይተከል እላለሁ፤ ምክንያቴም የቆየ ልማድ ስለሆነ አይደለም። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ምድር በምትዞርበት ፍጥነት አብሯት ስለሚዞር ሁልጊዜ ሰማይ ላይ አንድ ቦታ የቆመ ያህል ነው። ዲሹ አንድ ጊዜ በትክክል ከተነጣጠረ ለዓመታት መነካት አያስፈልገውም። አንድ ሰው ተመለከተ፣ ሚሊዮን ሰው ተመለከተ፣ የሚደርሰው ምልክት አይቀንስም። በኢንተርኔት የሚመጣው ግን ለእያንዳንዱ ቤት ለብቻው የሚላክ ነው። በሰከንድ 5 ሜጋቢት የሚፈልግ ጥራት ያለው ምስል በሰዓት 2.25 ጊጋባይት ይበላል። ቴሌቪዥኑ በቀን አራት ሰዓት ቢከፈት በወር 270 ጊጋባይት ማለት ነው። የዳታ ገደብ ያለበት ጥቅል የገዛ ቤተሰብ ይህን ሳያሰላ ከፈረመ ወሩ ሳይጋመስ ይቸገራል።

በቀጥታ የሚተላለፍ ውድድር የሚከታተል ሰው ደግሞ ሌላም የሚያሳስበው ነገር አለ። የኢንተርኔቱ ሥርጭት ብዙ ጊዜ ከዲሹ በአሥር ወይም በሃያ ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘገያል። ኳሷ ገና መሐል ሜዳ ላይ ሳለች ጎረቤት «ገባ!» ብሎ ሲጮኽ መስማት ለስፖርት ወዳጅ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛ ተከራካሪ፦
ስሌትዎ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ዛሬ አብዛኛው ቤተሰብ ለሥራና ለትምህርት ሲል ኢንተርኔት ማስገባቱ አይቀርም። ገደብ የሌለው መስመር ለገባለት ቤት ሁለተኛ ወርሃዊ ክፍያ መጨመር ለምን ያስፈልጋል? ደግሞስ ዲሽ የአንድ ቴሌቪዥን መፍትሔ መሆኑን ብዙ ሰው የሚረዳው ከተተከለ በኋላ ነው። የተለመደው ኤልኤንቢ፣ ማለትም ዲሹ ፊት ለፊት የሚገጠመው ምልክት ተቀባይ፣ ምልክቱን በአራት ክፍል ይቀበላል፤ አግድምና ቀጥ ያለ ሞገድ፣ እያንዳንዱም ዝቅተኛና ከፍተኛ ድግግሞሽ አለው። በአንድ ገመድ የሚወርደው ከአራቱ አንዱ ብቻ ነው፤ የትኛው ይውረድ የሚለውንም ሪሲቨሩ 13 ወይም 18 ቮልት በመላክ፣ ከፍተኛውን ሲፈልግም 22 ኪሎኸርዝ በመጨመር ያዝዛል። ስለዚህ እናት ሳሎን፣ ልጆች መኝታ ቤት ሆነው የተለያየ ቻናል ማየት ከፈለጉ ባለ ሁለት መውጫ ኤልኤንቢና ሁለተኛ ገመድ ይጠየቃል፤ ሦስተኛ ክፍል ሲመጣ ሦስተኛ። ለእያንዳንዱ ገመድ የአዲሱ ቤት ግድግዳ ይበሳል፤ ቀዳዳው በደንብ ካልተደፈነም ውሃ ያስገባል። በጋራ ሕንጻ ውስጥ ለሚኖር ደግሞ ጣሪያው የብቻው አይደለም።

ዝናቡንም አንርሳ። ዲሹ በብዛት የሚቀበለው ከ10.7 እስከ 12.75 ጊጋኸርዝ ያለውን ሞገድ ስለሆነ ከባድ ዝናብ ምልክቱን ይውጠዋል፤ ሰው ሁሉ ቤት በሚውልበት ሰዓት ስክሪኑ ይቆራረጣል።

አንደኛ ተከራካሪ፦
የክፍሎቹን ጉዳይ እቀበላለሁ። በዝናቡ ላይ ግን አልስማማም፤ በዝናብ የሚጠፋ ዲሽ አብዛኛውን ጊዜ ድሮም በደንብ ያልተነጣጠረ ነው። የእኔን የሠራልኝ ባለሙያ ምስሉ እንደመጣ አልወረደም። በሪሲቨሩ ሜኑ «ጥራት» የሚለውን መስመር ከፍቶ ኤልኤንቢውን በጣቶቹ ትንሽ ትንሽ እያዞረ፣ እኔ ከታች ቁጥሩን ጮክ ብዬ እየነገርኩት፣ ከ58 ወደ 81 ካደረሰው በኋላ ነው ብሎኑን ያጠበቀው። በ58ም ምስሉ ጥርት ብሎ ይታይ ነበር፤ ልዩነቱ የታወቀው ክረምቱ ሲገባ ነው። ሰፋ ያለ ዲሽም ይረዳል፤ ከ60 ወደ 90 ሳንቲሜትር ሲኬድ የሚሰበሰበው ምልክት ከእጥፍ ይበልጣል።

ሦስተኛ ተከራካሪ፦
ሁለታችሁም ስለ ዕቃው እንጂ ስለ ቤቱ አልተናገራችሁም። እኔ ቤት በቀየርኩ በሦስተኛው ቀን ከአንድ አገልግሎት ሰጪ ጋር የሁለት ዓመት ውል ፈረምኩ። ኢንተርኔቱ ሳሎን ድረስ በቅጡ እንደማይደርስ ያወቅኩት ከፈረምኩ በኋላ ነው፤ ለማቋረጥ ስጠይቅም የቀሪዎቹን ወራት ክፍያ እንድሸፍን ተነገረኝ። ጥፋቱ የእነርሱ ብቻ አልነበረም፤ ሳላነብ ፈርሜአለሁ።

ስለዚህ ጠያቂውን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ቤቱን ሳይለኩ አይፈርሙ። ጣሪያው ላይ ወጥተው ሳተላይቱ ባለበት አቅጣጫ ሕንጻ ወይም ዛፍ መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ፤ ዛሬ አጭር የሆነ ችግኝ ነገ እንደሚያድግም ያስቡ። ኢንተርኔቱን ራውተሩ አጠገብ ሳይሆን ቴሌቪዥኑ በሚቀመጥበት ቦታ፣ ያውም ሁሉም ሰው በሚጠቀምበት የምሽት ሰዓት ይለኩት። ከውሉም ላይ የመግቢያው ቅናሽ ሲያበቃ ክፍያው ስንት እንደሚሆን፣ ሪሲቨሩ የማን ንብረት እንደሆነና እንደገና ቤት ቢቀይሩ ምን እንደሚከተል ይጠይቁ። በአካባቢዎ የምድር ዲጂታል ሥርጭት፣ ማለትም ከሳተላይት ሳይሆን ከመሬት ማማ የሚተላለፍ ቴሌቪዥን፣ ካለ ደግሞ አንድ ተራ አንቴና ሁለቱንም ሊያስቀር ይችላል።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት የተባለውን አደረግሁ። ጣሪያው ላይ በስልኬ ኮምፓስ አቅጣጫውን ፈለግሁ፤ ከመሐሉ ሲታይ የጎረቤት ሕንጻ ይጋርዳል፣ በግራ ጠርዝ በኩል ግን ሰማዩ ክፍት ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ኢንተርኔቱን ስለካው ራውተሩ አጠገብ 40 ሜጋቢት፣ ሳሎን ውስጥ ግን 6 ብቻ አሳየኝ፤ በመሐል ሁለት የሲሚንቶ ግድግዳዎች አሉ። ቤቱ ገና ምንጣፍ ስላልተነጠፈበት ከራውተሩ እስከ ቴሌቪዥኑ የኔትወርክ ገመድ በግድግዳው ሥር ዘረጋሁ፤ ያው መስመር ሳሎን ውስጥም 40 ሆነ።

የሁለት ዓመቱን ውል አልፈረምኩም። ለልጆቹ በየወሩ ማቋረጥ የሚቻል የኢንተርኔት አገልግሎት ይበቃቸዋል። ለእናቴ ግን በግራው ጠርዝ ላይ ባለ 90 ሳንቲሜትር ዲሽ አስተክዬ ያለ ክፍያ የሚሠራጩትን ቻናሎች አወጣላታለሁ፤ አንድ ቴሌቪዥን ብቻ ስለሆነ አንድ ገመድ ይበቃል። ሁለተኛው ተከራካሪ ይህን ድካም ነው ሊሉኝ ይችላሉ። ቅዳሜ ዲሽ ሠሪው ይመጣል፤ የጥራቱን ቁጥር ከታች ሆኜ የምጠራለት እኔ ነኝ።