ትራቨርቲን የሚሠራው ፍል ውሃው ሲቀዘቅዝ ነው?

ሁለተኛ ዓመት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የጂኦሎጂ ተማሪ ነኝ። አንድ ነገር አልገባኝ ብሎ ሦስት ቀን ሆነኝ። ፍል ውሃ ዳር የሚጋገረው ነጭ የካርቦኔት ድንጋይ፣ ትራቨርቲን፣ ውሃው ሲቀዘቅዝ የሚዘቅጥ ይመስለኝ ነበር። ስኳር በሙቅ ውሃ በደንብ ይሟሟል፣ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይወርዳል፤ እንደዚያ። መምህራችን ግን «ካርቦኔት እንደ ስኳር አይደለም» ብሎ አለፈው። ደግሞስ ከ4,000 ሜትር በላይ ባሉ ብርዳማ ሐይቆች ያው ካርቦኔት ከየት መጣ?

ድንጋይ ለቃሚዋ፦
መምህርህ ልክ ነው። ግን እሷን ነገር እንዲህ ማለፍ አልነበረበትም፤ ቁልፉ እሷ ነች። ካልሳይት፣ ማለትም ትራቨርቲን በብዛት የተሠራበት የካልሲየም ካርቦኔት ማዕድን፣ የስኳር ተቃራኒ ነው፤ ውሃው በሞቀ ቁጥር የሚሟሟው ይቀንሳል። ውሃ የምታፈላበትን ማንቆርቆሪያ ውስጡን እየው። ያ ነጭ ቅርፊት የተጋገረው ውሃው ሲፈላ ነው።

ዋናው ነገር ጋዙ ነው። ከመሬት በታች ያለ ውሃ ጫና ስላለበት ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል። ጋዙ ውሃውን ትንሽ አሲዳማ ያደርገዋል። እንዲህ ያለ ውሃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ድንጋዩን እየበላ ካልሲየምና ባይካርቦኔት ይሸከማል። ምንጩ አፍ ላይ ሲደርስ ጫናው ይለቀዋል፣ ጋዙ ይወጣል፣ አሲድነቱ ይቀንሳል። ያኔ ሸክሙን መያዝ ያቅተውና ካልሲየም ካርቦኔት ሆኖ ይዘቅጣል።

ጠርዝ ላይ ደግሞ ውሃው ስስ ሆኖ እየተናወጠ ይፈሳል፤ ጋዙም ቶሎ ያመልጣል። ስለዚህ ጠርዙ ከመሃሉ ፈጥኖ ያድግና ገንዳ ይሆናል። ቱርክ ውስጥ የፓሙካሌ እርከኖች እንዲህ የተሠሩ ናቸው። ውሃው 35 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የፈላ መሆን አላስፈለገውም! አሜሪካ፣ የሎውስቶን ፓርክ ውስጥ ማሞዝ በሚባለው ቦታ ውሃው ከ70 ዲግሪ በላይ ሆኖ ይወጣል፤ አፉ አካባቢ አራጎናይት ይበዛል፣ እየራቀና እየቀዘቀዘ ሲሄድ ካልሳይት። ሁለቱም ያው ካልሲየም ካርቦኔት ናቸው፣ የአተሞቹ አደራደር ነው የሚለየው።

ወደ ሐይቆቹ እንምጣ። ብዙዎቹ መውጫ የላቸውም። ፀሐዩና ደረቁ ነፋስ ውሃውን ይወስደዋል፣ የተሟሟው ሁሉ ይቀራል፣ እየወፈረ ይሄዳል። በ4,000 ሜትር የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ ገደማ ነው፤ ይህም ጋዙ እንዲያመልጥ ያግዛል። በካሊፎርኒያ የሞኖ ሐይቅ፣ 1,900 ሜትር ላይ፣ ሌላ መንገድ አለ፦ ካልሲየም የያዘ ምንጭ ከሐይቁ ሥር ይወጣል፤ ሐይቁ ራሱ በካርቦኔት የተሞላ ነው። ሁለቱ የተገናኙበት ቦታ ላይ ቱፋ የሚባል ዓምድ ይቆማል። ከ1941 ጀምሮ ወንዞቹ ወደ ሎስ አንጀለስ ተጠልፈው ውሃው ሲጎድል ነው ዓምዶቹ በብዛት የወጡት። ሲያድጉ ግን ውሃ ውስጥ ነበሩ።

አልጌ፦
ሕይወት ያላቸውንም አትርሱ። አርጀንቲና ውስጥ ላጉና ኔግራ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ጥቃቅን ተሕዋስያን እንደ ምንጣፍ ተነጥፈው ይኖራሉ፣ በውስጣቸውም ካርቦኔት እየተደራረበ ክብ ክብ ድንጋይ ይሆናል። ለምግባቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲወስዱ አሲድነቱ ይቀንሳል። ምንጩ አፍ ላይ የሆነው ነው፣ ጋዙን የሚወስደው ብቻ ተለወጠ።

ሁለተኛ ዓመት፦
አሁን ገባኝ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ስለዚህ ፍል ውሃ ዳር ነጭ ድንጋይ ባየሁ ቁጥር ትራቨርቲን ልበል?

ድንጋይ ለቃሚዋ፦
አይ፣ ቆይ። እኔ ጀማሪ ሳለሁ አንድ ሳጥን ሙሉ ነጭ ናሙና ላይ «ካርቦኔት» ብዬ ጽፌ ነበር። በኋላ ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ አደረግሁበት። ዝም። ካርቦኔት ቢሆን ይንፈቀፈቅ ነበር፤ አንድም አልተንፈቀፈቀም። ሲሊካ ነበር፤ መስታወት የሚሠራበት ነገር። ስያሜውን ሁሉ ፍቄ እንደገና ጻፍኩ፤ ከዚያ ወዲህ ሳልፈትሽ ስም አልሰጥም። በቺሊ ኤል ታቲዮ፣ 4,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ ፍል ውሃው ዳር የተጋገረው በአብዛኛው ሲሊካ ነው። የሚገርምህ፣ የስኳር ሐሳብህ ለእሱ ይሠራል፤ ሲሊካ ውሃው ሲቀዘቅዝና ሲተን ይወርዳል።

አሲዱን ስትጠቀም መነጽርና ጓንት አድርግ። ዶሎማይት፣ ማለትም ማግኒዥየም ያለበት ካርቦኔት፣ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ፈጨት አድርገው፤ አለበለዚያ እሱም ዝም ሊልህ ይችላል።