ከመራዊ ወደ ሮተርዳም የሚላክ አቮካዶ መንገድ ላይ እንዳይበስል ምን ይደረግ?

ጥያቄ (ከመራዊ)

ጤና ይስጥልኝ። በቆጋ መስኖ የሚያለሙ አርሶ አደሮችን ሐስ የተባለ የአቮካዶ ዝርያ ሰብስቦ ለውጭ ገበያ በሚያቀርብ ማኅበር ውስጥ የማጓጓዙን ሥራ እከታተላለሁ። ባለፈው ወቅት የላክነው አንድ ኮንቴይነር ሮተርዳም ሲደርስ ከፊሉ ፍሬ ለስልሶ በመገኘቱ ገዢው ከሒሳቡ ላይ ቀንሶብናል። የመርከቡ ወኪል ምክንያቱ መርከቡ ቀይ ባሕርን ትቶ በደቡብ አፍሪካ በኩል መዞሩ እንደሆነ ነግሮናል። የመርከቡን መንገድ እኛ ማሳጠር አንችልም። ታዲያ በእጃችን ያለው የትኛው የጉዞ ክፍል ነው? በሚቀጥለው ውልስ ላይ ምን ብንጠይቅ ይሻላል?

መልስ (በምርት አያያዝ የሚሠሩ፣ ከባሕር ዳር)

ወኪሉ የነገራችሁ እውነት ሊሆን ይችላል። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የየመን ሁቲዎች በንግድ መርከቦች ላይ ጥቃት በመክፈታቸው ብዙ ኩባንያዎች የስዊዝን መስመር ትተው በደቡብ አፍሪካ ጫፍ፣ በኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕ በኩል መዞር ጀምረው ነበር፤ ይህም ጉዞውን እስከ ሁለት ሳምንት ያራዝመዋል። ሐስ ደግሞ በ5 ዲግሪ ገደማ ቢቀመጥም በደኅና የሚቆየው ከ3 እስከ 4 ሳምንት ያህል ነው። ስለዚህ ከማሳ እስከ ጅቡቲ የሚባክነው ቀን ሁሉ የሚቀነሰው ከዚሁ ዕድሜ ላይ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር አጥብቄ ልጠይቅዎ፦ ፍሬው ሲጫን የውስጥ ሙቀቱ ስንት ነበር? ማቀዝቀዣ ያለው ኮንቴይነር አስቀድሞ የቀዘቀዘውን ፍሬ እንደቀዘቀዘ ያቆያል እንጂ የማሳ ሙቀት የያዘ ፍሬ ለማቀዝቀዝ አልተሠራም። ከሰዓት በኋላ ተለቅሞ፣ በፀሐይ ውሎ፣ በ25 ዲግሪ የተጫነ ፍሬ መሃል ላይ የተደረደረው ሣጥን ለቀናት ሳይቀዘቅዝ ሊጓዝ ይችላል፤ የኮንቴይነሩ መቆጣጠሪያ ግን 5 ዲግሪ ያሳያል፣ ምክንያቱም የሚለካው የአየሩን ሙቀት ነው። ስለዚህ በማለዳ፣ ጤዛው ከረገፈ በኋላ፣ ፍሬው የተንጠለጠለበትን ዘንግ ጥቂት አስቀርታችሁ በመቀስ ልቀሙ፤ ወዲያው ጥላ ሥር አድርጉት፤ በዚያው ቀን ወደ ቅድመ ማቀዝቀዣ ክፍል አስገቡት። በሩ ከመዘጋቱ በፊት ከየረድፉ ጥቂት ፍሬ መርጣችሁ ቴርሞሜትሩን እስከ ፍሬው መካከል ወግታችሁ ለኩ። ካልቀዘቀዘ አይጫን።

ሌላው የብስለት ደረጃው ነው። አቮካዶ ዛፍ ላይ ሳለ አይለሰልስም፤ የሚለሰልሰው ከተለቀመ በኋላ ነው። ወቅቱ ሲገባደድ የሚለቀመው ደግሞ ቶሎ ስለሚለሰልስ ለረጅም ጉዞ አይመከርም። ገዢዎች ለሐስ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት ከ21 እስከ 23 በመቶ ደረቅ ይዘት (ውኃው ከወጣ በኋላ የሚቀረው ክብደት) ነው። ይህን በማይክሮዌቭ መለካት ይቻላል፦ ከፍሬው ሥጋ 10 ግራም በስሱ ከትፋችሁ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ አድርቁት፤ 2.3 ግራም ከቀረ 23 በመቶ ነው ማለት ነው።

መልስ (የጭነት ትራንስፖርት ባለሙያ፣ ከደጀን)

ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለውን የዓባይ በረሃ አትርሱት። ጭነት የያዘ መኪና ቁልቁለቱንም ዳገቱንም በዝግታ ነው የሚሄደው፤ በረሃው እኩለ ቀን ላይ ይግላል። ለኮንቴይነሩ መብራት የሚሰጠው ጄኔሬተር ነዳጁ ካለቀ ወይም ሾፌሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ካጠፋው የቀዘቀዘው ፍሬ እዚያው ይሞቃል። የጄኔሬተሩን ነዳጅ ከመኪናው ነዳጅ ለይታችሁ ክፈሉ፤ በረሃውን በሌሊት ወይም በማለዳ እንዲያልፍ ተስማሙ። መንገድ ሲዘጋ መኪናው የት ቆሞ እንደሚጠብቅም አስቀድማችሁ ወስኑ።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልን። በወረታ፣ ደብረ ታቦር፣ ወልድያና ሚሌ አድርጎ በጋላፊ መውጣትስ አይሻልም?

መልስ (ከደጀን)

በርቀት ሲታይ አዲስ አበባን ሳይዞሩ ወደ ጅቡቲ ለመድረስ ያግዛል፤ የዓባይን በረሃም ያስቀራል። ነገር ግን ባዶው ማቀዝቀዣ ኮንቴይነር ከሞጆ ደረቅ ወደብ የሚመጣ ከሆነ ባዶውን ስታመጡ በዓባይ በረሃ ለማንኛውም ታልፋላችሁ። የመንገዱን ደኅንነት በዚያው ሳምንት ሳታጣሩ አትወስኑ።

መልስ (ትራንዚተር፣ የቡሬ ተወላጅ፣ ከአዲስ አበባ)

እኔ የምጨምረው ስለ ቀጠሮና ስለ ውል ነው። ብዙ ላኪ ለቅሞና አሽጎ ሲጨርስ ነው መርከብ የሚፈልገው፤ መሆን ያለበት ግን ተቃራኒው ነው። መጀመሪያ መርከቡ ጅቡቲ ላይ ጭነት መቀበል የሚያቆምበትን ሰዓት ያዙ፤ ከዚያ ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ የጉምሩኩን፣ የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬቱን፣ የጉዞውንና የመልቀሚያውን ቀን ወስኑ። የመርከቡ ቀን ከተገፋ የመልቀሚያው ቀንም ይገፋ። ፍሬው ዛፉ ላይ ቢቆይ ይሻለዋል።

በውሉ ላይ፣ ኤፍ.ኦ.ቢ. በሚባለው የሽያጭ ውል ስትሸጡ ፍሬው መርከብ ላይ እስኪጫን ኃላፊነቱ የእናንተ ነው፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ የሚቆይበት ቀን ሁሉ በእናንተ ላይ ይቆጠራል። ለኮንቴይነር ጭነት ኤፍ.ሲ.ኤ. የተሻለ ነው፤ በዚህ ውል ዕቃውን ስምምነት በተደረገበት ቦታ ለአጓጓዡ ስታስረክቡ ኃላፊነቱ ወደ ገዢው ይተላለፋል። መርከቡ በኬፕ በኩል ከዞረ ኪሳራው እንዴት እንደሚከፈልም በጽሑፍ ይግባ። ደግሞም የሙቀት መመዝገቢያ መሣሪያ ሁለት አድርጉ፦ አንዱ በሩ አጠገብ፣ ሌላው በጭነቱ መካከል፤ ቁጥራቸው በጭነት ሰነዱ ላይ ይጻፍ። ባለፈው ወቅት የትኛው ቀን ላይ እንደሞቀ የሚያሳይ መዝገብ ቢኖራችሁ ኖሮ የገዢውን ቅናሽ መከራከር ትችሉ ነበር። ከመጪው ምርት ጥቂቱን ቀይ ባሕርን ሳያቋርጥ ለሚደርስ ገበያ፣ ለምሳሌ ለኦማን ወይም ለዱባይ ማቅረብን አስቡ፤ ዋጋው ከአውሮፓ ቢያንስም የባሕር ጉዞው አጭር ነው። ከገዢው ጋር ስትነጋገሩ መጀመሪያ የኤፍ.ሲ.ኤ.ውን የማስረከቢያ ቦታ አንሡ።